ታርሞ ይመለስ

ባለፈው ሳምንት ታሪኬን ያቆምኩት አንድ የተቃጠለ ሶኬት ፊት ተንበርክኬ ነበር። ያልነበራችሁ አንባቢዎች አትደንግጡ፤ ያመለጣችሁ ሶኬቱ ብቻ ነው። እኔ በሰፈሩ «ሺ ቮልት» የምባል ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ዕድሜዬ ሃምሳ አንድ ቢሆንም መልኬ ከሰላሳ አምስት አልፎ አያውቅም። በዚህች ከተማ እኔ ያላበራሁት ቤት ካለ ጣሪያ የሌለው ብቻ ነው።

ያን ማክሰኞ የተጠራሁት ከጡረተኛው ቀያሽ ቤት ነው። ሰዉ «ኢንጂነር» ይላቸዋል፤ እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። በጉልምስናቸው ሰባት ዓመት ሙሉ መለኪያ መሣሪያቸውን ተሸክመው አንድ ወንዝ ከምንጩ እስከ መጨረሻው በእግራቸው የለኩ፣ ካርታውንም በእጃቸው የሣሉ ሰው ናቸው። ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል። ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ወረቀት ለእሳቸው ነጭ ጨርቅ ነው፤ ብርሃን ከጀርባው ሲመጣለት ግን መስመሩ ጥርት ብሎ ይታያቸዋል። ስለዚህ ካርታቸውን የመስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፈው፣ አፍንጫቸውን አስጠግተው፣ በጣታቸው ወንዙን ሽቅብ ቁልቁል ሲሉበት ይውላሉ። ፀሐይ ስትዞር ጉዞው ያበቃል።

የሶኬቱን ብሎን ሳጠብቅ ለሴት ልጃቸው ሲናገሩ ሰማኋቸው። ይህን ካርታ ለአባጆራው ልብስ አድርጎ የሚያለብስልኝ ሰው ቢገኝ ፀሐይን ባልለመንኩ ነበር፣ ነው የሚሉት።

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው። አፌ ከእኔ ቀድሞ «ጋሼ፣ እኔ እያለሁ?» አለ። የአባጆራ ሽፋን መሥራት እጄን እስኪሰለቸው የሠራሁት ነገር እንደሆነ፣ ትልልቅ ሆቴሎች ከእኔ በቀር ሌላ ሰው እንደማያስነኩ ዘረዘርኩላቸው። እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የአባጆራ ሽፋን የነካሁት አምፖል ስቀይር ብቻ ነው።

ልጅየዋ ቀና ብላ ያየችኝ ያኔ ነው። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ካርታ የሚያትም መሥሪያ ቤት ውስጥ አራሚ ናት። ሥራዋ፣ ካርታ ከመታተሙ በፊት ወረቀቱ ላይ ያለው መሬት ላይ ካለው ጋር መግጠሙን ማረጋገጥ ነው። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደችና በአናቱ በኩል አየችኝ።

«ስንት ሠርተዋል?»

«ሁለት መቶ። ትንንሾቹን ሳልቆጥር።»

አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። እንግዲያው ቅዳሜ መጥቼ ሁለት መቶ አንደኛውን እንድሠራላቸው በትሕትና ነገረችኝ። ብቻ ከከንፈሯ ጥግ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሃያ ስድስት ዓመት ከኮረንቲ ጋር ኖሬያለሁ፤ ስንት ጊዜ ይዞ ለቆኛል። እንደዚያ ቀን ግን ይዞኝ አያውቅም። ከዚያ ግቢ ስወጣ እግሬ መሬት ይንካ አይንካ አላስታውስም።

*

ለመማር አራት ቀን ነበረኝ። የታላቅ እህቴን የራስጌ አባጆራ አነሳሁና ብልቱን አወጣሁት። እህቴ፣ ምን በደለህ፣ እኔን ብትገነጥለኝ አይሻልህም ወይ እያለች ከአጠገቤ ቆማ ታዝናለች። ውስጡ ሁለት የሽቦ ቀለበት፣ በላይኛው ቀለበት መሃል አምፖል መያዣው ላይ የሚቀመጥ መስቀለኛ ሽቦ፣ ዙሪያውን ጠንከር ያለ ስስ ፕላስቲክ፣ በፕላስቲኩ ላይ ደግሞ የተለጠፈ ጨርቅ፤ ይኸው ነው። ይህንንማ በግራ እጄ፣ ያውም ተኝቼ፣ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የምግብ ጠረጴዛቸውን ጠርገን ጀመርን። አሮጌውን፣ ሙቀት ያጠቆረውን ጨርቅ ከቀለበቶቹ ላይ ገፈፍን። አራሚዋ ፕላስቲኩን ገዝታ አዘጋጅታለች። ካርታውን ማስቲሽ በተቀባው ፕላስቲክ ላይ ማልበስ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ወጥሮ ይይዛል፣ ሌላው ከመሃል ወደ ዳር በማስመሪያ ጠርዝ አየሩን እየገፋ ያስወጣል። ማስመሪያውን አምና አልሰጠችኝም። እኔ ወጥሬ ያዝኩ፣ እሷ ገፋች። ጣቶቿ ወንዙን ተከትለው ወደ ጣቶቼ ይመጣሉ፤ ሊደርሱ አንድ ጣት ሲቀራቸው ይቆማሉ፤ ተመልሰው ከመሃል ይጀምራሉ። አሥር ጊዜ መጡ፣ አሥር ጊዜ ቆሙ። እኔና ትክክለኛ ቁጥር ብዙም አንዋደድም፤ ይህንን ግን ቆጥሬዋለሁ።

ጋሼ ወንበራቸው ላይ ሆነው መንገዱን ይመሩናል። የቱ ጋ ደረሳችሁ ይላሉ፤ ልጃቸው፣ ወንዙ ሁለት የሚሆንበት ጋ ትላለች፤ እሳቸውም፣ እዚያ ጋ ውሃው እስኪጎድል ዘጠኝ ቀን ጠብቄአለሁ፣ ጫማዬም የቀረው እዚያው ነው ይላሉ። በአንድ እግር ጫማ ወደ ከተማ የተመለሰ ቀያሽ እኔ ብቻ ነኝ እያሉ ይኮራሉ። በጉራ የሚቀናቀነኝ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ልዩነቱ የእሳቸው እውነት መሆኑ ነው።

አራሚዋ ሻይ ልታፈላ ስትገባ ጉብዝናዬን ላሳያት ተነሳሁ። ቀለበቱ ከዳር እስከ ዳር አርባ ሳንቲሜትር ነው። የክብ ነገር ዙሪያው የስፋቱ ሦስት እጥፍ መሆኑን ከስምንተኛ ክፍል አስታውሳለሁ። ከሦስቱ በኋላ ያለችውን ትርፍራፊ ያስተማሩት ምናልባት እኔ ትምህርቱን ከተውኩ በኋላ ይሆናል። መቶ ሃያ ላይ ምልክት አደረግሁና ካርታውን ከነፕላስቲኩ በመቀስ ሸረከትኩት።

ሻዩን ይዛ ስትመለስ እየታገልኩ ነበር። ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለ። ብጎትተው፣ ባባብለው፣ ስድስት ሳንቲሜትር ያህል አፉን ከፍቶ ይስቅብኛል። የሰባት ዓመት የእግር ጉዞ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ላቤ ጠብ አለ።

እኔ ግን እኔ ነኝ። «ቀለበቱ ነው» አልኩ። «በአምፖሉ ሙቀት አብጦ ነው።»

ትሪውን አስቀመጠች። ቀለበቱን አንስታ ጠረጴዛው ላይ አንድ ዙር አንከባለለችው፣ የጀመረበትንና የጨረሰበትን በእርሳስ ነካ ነካ አደረገች፣ ለካችው፣ ከዚያም መልሳ አስቀመጠችው። በሰደበችኝ ይሻለኝ ነበር። አባቷ ምን ሆናችሁ ሲሏት፣ ፕላስቲኩ አጠረን፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ መቀጠያ አመጣለሁ አለቻቸው። ቃሏ እውነት ነው፤ አጥሯል። ማን እንዳሳጠረው ብቻ አልተናገረችም። ተቆርጣ የቀረችውን የካርታ ጫፍ እንደ ሕፃን እጅ ቀስ አድርጋ ጠቀለለችና መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠቻት።

እስከ በሩ የሸኙኝ ጋሼ ናቸው። በወሬ ወሬ ነገሩኝ። የበኩር ልጃቸው የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ያለ ትልቅ ከተማ ውስጥ ሐኪም ነው። ሁለቱንም ሊወስዳቸው በወሩ መጨረሻ ይመጣል። ለእህቱ እዚያው ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ዝውውር አስጨርሶላታል፤ ቅጹ ሬዲዮው ሥር ተቀምጧል፣ የቀረው የእሷ ፊርማ ነው። ስለ እኔም ጠይቋል አሉኝ፤ አንድ ኤሌክትሪሺያን ሶኬቱን ከጨረሰ በኋላ እናንተ ቤት ምን ይሠራል ብሏል። ጋሼ ይህን ሲሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የእኔ ሳቅ ግን ከጉሮሮዬ አላለፈም፤ ሁለት ቀን መንገድ መሰላል ይዞ የሚሄዱበት ርቀት አይደለም።

*

በቀጣዩ ማክሰኞ ሱቄን ዘግቼ ደብዳቤ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሰው ጽፎ አያውቅም። አርባ ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ እንዳልዞረ፣ በናፍቆት ሰላሳ ኪሎ እንደቀነስኩ፣ በዓለም ላይ ካሉ ሴቶች ሁሉ አንደኛ እንደሆነች፣ ተራራ ተሸክሜ ሰባት ባሕር እንደምሻገርላት፣ እሷን ሳላስብ ያለፈች አንዲት ደቂቃ እንደሌለች አሰፈርኩ። ረቡዕ መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ቆሜ ሰጠኋት። ሳትከፍተው ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችው፤ እጇ ግን ከቦርሳው ለመውጣት ትንሽ ዘገየ። በዚያች ትንሽ መዘግየት ሁለት ቀን ኖርኩባት።

ዓርብ ጠዋት በሱቄ በር ሥር አንድ ቡናማ ፖስታ ተወርውሮ አገኘሁ። ከፈትኩት። የራሴ ደብዳቤ ነው። ቀይ በቀይ ሆኗል።

«አርባ ሌሊት» የሚለው ተከቦ ከጎኑ «ከተዋወቅን ስምንት ቀን ነው» ተብሏል። «ሰላሳ ኪሎ» ላይ፣ «በየትኛው ሚዛን?» «በዓለም ላይ ካሉ ሴቶች ሁሉ» ላይ፣ «ስንቱን አይተዋል?» «ሰባት ባሕር» ላይ፣ «የትኞቹ? በስማቸው ይገለጽ።» ከሁሉም ግርጌ፣ በዚያ ቀጥ ባለ የካርታ ቤት እጅ ጽሑፍ፣ «ታርሞ ይመለስ» ይልና ፊርማዋ አለበት።

ክው ብዬ ቀረሁ። አንድ ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ መምህር ደብተሬን ክፍሉ ፊት ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ይህ ደብተር ነው ወይስ የታረደ ዶሮ ብሎ አሳቀብኝ። ከቀዩ ብዛት ነበር። በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ በማግስቱም፣ በማግስቱም። ይኸው ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ገና አልሄድኩም። ወረቀቱን አጥፌ የፒንሳዎቹ ሣጥን ውስጥ ቀበርኩት። ቅዳሜ ሲደርስ ጢሜን ተላጭቼ፣ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ጫማዬን አሥሬ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ እንደተቀመጥኩ ዋልኩ።

*

ሁለት ሳምንት ሙሉ የዚያን ሰፈር መንገድ በሌላ መንገድ ዞርኩት። አንድ ሱቅ ሁለት ጊዜ መስመር ዘረጋሁለት፤ ባለሱቁ፣ ምነው ሺ ቮልት፣ ዛሬስ ሁለት መቶ ቮልትም የለህ አለኝ። ከዚያ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጋሼ ስልክ ደወሉ። ሶኬቱ ብልጭ ብልጭ እያለ ነው፣ ቤቱ ሊነድ ነው፣ ቶሎ ድረስ አሉኝ።

በሩጫ ደረስኩ። ብቻቸውን ናቸው። ሶኬቱን ሞከርኩት፤ ብልጭታም ሽታም የለውም፣ ጤነኛ ነው። ዞር ስል ጋሼ ፈገግ ብለዋል። የመዋሸት ነገር አንተ ብቻ የምታውቀው ይመስልሃል ወይ፣ ተቀመጥ አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ለምን እንደጠፋሁ ጠየቁኝ። እኔም ተምታታሁ። ሥራ በዛ፣ ከውጭ አገር ሰዎች መጥተው ያዙኝ ምናምን አልኩ። መጨረሻ ላይ ግን ሆዴ ባባና ስለ ቀዩ ነገርኳቸው።

ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«አንተ ሰውዬ» አሉ፣ «ካርታ ቤት ውስጥ የማይታተም ካርታ ይታረማል? ማን ቀለም ያባክንለታል። እንዳለ ይታጠፍና መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ቀይ የሚበዛበት፣ ሊታተም የተቆረጠለት ነው። ሠላሳ ዓመት ሥራዬ በቀይ እየተመለሰልኝ ነው የኖርኩት፤ ንጹሑን ጽፌ እስክመልስ እንቅልፍ አልነበረኝም።»

አንድ ሒሳብ ሹም ነበር አሉኝ፤ ሦስት ዓመት ለልጃቸው ደብዳቤ ሲጽፍላት አንዲት ነጥብ አልነካችበትም። ምስኪኑ ሰው ስህተት የሌለው መስሎት ደስ እንዳለው ቀረ። የእኔን ግን ሁለት ምሽት ተቀምጣበታለች። ከወጥ ቤት ሆና ስትስቅ ይሰሟት ነበር። እናቷ ካረፈች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምተዋት አያውቁም።

«ንጹሑን ስትጠብቅ ነበር» አሉ። «ሳምንት ጠበቀች። አስር ቀን ጠበቀች። ከዚያ ትናንት ማታ ምን አለችኝ መሰለህ? አባዬ፣ ቢታረም የሚተርፍ ነገር የሌለው ደብዳቤ ነው ማለት ነው፣ አለችኝ። ቅጹንም ፈረመችው። ወንድሟ ነገ ይመጣል።»

እኔን ስንት ጊዜ ኮረንቲ ይዞኛል ብያችኋለሁ። እንደዚህ ያለው ግን ይዞ የሚለቅ ዓይነት አይደለም። ቢታረም የሚተርፍ የለውም ብላ ያሰበችው እኮ እኔን ነው። እስክሪብቶ ለመንኳቸው፣ ወረቀትም ሰጡኝ። ያን ትልቁን ደብዳቤዬን አንድ ማክሰኞ ሙሉ ስጽፈው አልደከመኝም ነበር። ይህቺን ግማሽ ገጽ ስጽፍ ግን ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። በየመስመሩ ጉራዬ ብቅ ይላል፤ እሰርዘዋለሁ፤ በሌላ በኩል ይመጣል። ስጨርስ አጥፌ የደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩትና፣ ልብሴን አውልቄ ሰው ፊት የቆምኩ ይመስል አፈርኩ።

*

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ከሥራ መጣች። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምትሠራው። አየችኝ፤ አልተደነቀችም፣ አላኮረፈችምም። እንዲያ ያለ ጨዋ ሰላምታ ከጥፊ ይከፋል። የጀመሩትን ቢጨርሱልን ጥሩ ነው አለችኝ፣ አባቴ ይዞት የሚሄደው ነገር ነው። መሳቢያዋን ከፈተች። ስድስት ሳንቲሜትሯን ከነመደራረቢያዋ በአዲስ ፕላስቲክ ላይ አልብሳ፣ ቆርጣ፣ አዘጋጅታ አስቀምጣለች። ያን ሁሉ ቀን ብቻዋን ልትጨርሰው ትችል ነበር፤ አልጨረሰችውም። ይህን ሳይ የኪሴ ወረቀት ከበደኝ፤ አፌ ግን የኔ አፍ እንዳልሆነ ሁሉ ተቆለፈ።

ማስቲሹን ቀባን፤ የተቆረጠችውን ጫፍ ከቦታዋ መለስናት። ካርታውን በሁለቱ ቀለበቶች ላይ ጠቀለልነው፤ ጫፉ ከጫፉ ጋር ተገናኘ። አሁን እስኪይዝ ድረስ ዙሪያውን ተጭኖ መያዝ ነው፤ የማስቲሹ ቆርቆሮ ላይ ሃያ ደቂቃ ይላል። የልብስ መቆንጠጫ አምጥቼ ነበር፤ አይሆንም አለች፣ ጥርሱ ካርታው ላይ ምልክት ይተክላል፣ መብራቱ ሲበራ ያልነበረ መንደር ሆኖ ይታያቸዋል። ስለዚህ በእጅ። እሷ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ፣ የአባቷን ወንዝ መሃላችን አቅፈን፣ ሃያ ጣት በሁለት ቀለበት ላይ። አንዳችን ብንለቅ ይፈታል። ዓይኗ ከዓይኔ አንድ ክንድ አይርቅም፤ የምትሸሽበት ቦታ ስላልነበራት ወደ ቀለበቱ ታያለች።

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሱ። በዳበሳ መጡና፣ እዚያች ደረት ኪስህ ውስጥ ያለችው ምንድን ናት አሉኝ። ጋሼ ኧረ ይተውት አልኩ። እጄ ግን የታለ? መዘዟት። መስኮቱ ጋ ሄደው፣ የከሰዓቱ ፀሐይ ያረፈበት መስታወት ላይ ለጠፏት፣ አፍንጫቸውን አስጠጉ።

«ጽሑፍህ የሐኪም ነው» አሉ። ከዚያ ቃል በቃል፣ ጣታቸውን እያስከተሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡ ጀመር።

«አርባ ሌሊት ያልኩት ሦስት ሌሊት ነው። ከሦስቱም አንዱ በጎረቤት ውሻ ምክንያት ነው።»

ልጃቸው ቀለበቱን ታያለች።

«ሰላሳ ኪሎ አልቀነስኩም። አንድ ኪሎ ጨምሬያለሁ። ሲጨንቀኝ ዳቦ እበላለሁ። ተራራ መሸከም አልችልም፤ ወገቤን ያመኛል። የጋዝ ሲሊንደር እስከ ሁለተኛ ፎቅ አወጣለሁ፣ ሦስተኛው ላይ አርፋለሁ። ባሕር አይቼ አላውቅም።»

እዚህ ላይ ጋሼ፣ አንዱንም? ብለው ጠየቁኝ። አንዱንም አልኩ።

«የአባጆራ ሽፋን ሁለት መቶ አልሠራሁም። ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቀለበቱ አላበጠም፤ በሦስት አባዝቼ ነው የቆረጥኩት። ጋሼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

የጋሼ ጣት ቆመ። ካርታቸው መቆረጡን እስካሁን አያውቁም ነበር። ትከሻቸው ቀስ ብሎ ወጣ፣ ወረደ። ኋላ ነው እየሳቁ መሆኑ የገባኝ።

«ሁልጊዜ አላስብሽም። ሽቦ ስገጥም አላስብሽም፤ ባስብሽ ኮረንቲ ይገድለኛል። ፒንሳውን ሳስቀምጥ አስብሻለሁ። ትምህርት ያቋረጥኩት ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ስለ ቀይ እስክሪብቶ። የቀረሁት ስለዚያ ነው እንጂ ስለ አንቺ አይደለም። እንዳትሄጂ እፈልጋለሁ። ምን ያህል እንደምፈልግ ግን መለኪያው የለኝም።»

አበቃ። ጋሼ ወረቀቱን ከመስታወቱ ላይ አላነሱትም። የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል።

እየጠበቅሁ ነው። በየትኛው መስመር ላይ ትጠይቀኝ ይሆን? የትኛው ቁጥር ላይ? አንዲት ነጥብ እንኳ ካልነካች ግን የሒሳብ ሹሙ መደርደሪያ ላይ ልወጣ ነው። ቀና አለች። መነጽሯ ጉም ለብሷል፤ ልትጠርገው አልቻለችም፣ እጆቿ ተይዘዋል። በዚያ ጉም ውስጥ አየችኝ። በሕይወቴ ብዙ ሰው አይቶኛል፤ በልኬ ያየኝ ግን ማንም አልነበረም።

«አባዬ» አለች። ድምጿ ቀጭን ክር ሆኗል። «ማስቲሹ ጠረጴዛው ላይ እየተንጠባጠበ ነው። ከቦርሳዬ ቅጹን አውጣና ከሥሩ አንጥፍልን።»

ጋሼ ባሉበት ቆሙ። «የትኛውን ቅጽ?»

«ያቺውን።»

«የተፈረመውን?»

«አዎ። እሱ ወፈር ይላል።»

ሰውዬው ቦርሳውን ዳበሱ፣ ወረቀቱን አወጡ፣ ከክርናችን ሥር አሾልከው አነጠፉት። አንድ ጠብታ ማስቲሽ ተንጠልጥላ ቆይታ ፊርማዋ ላይ አረፈች።  ወንድሟ ነገ ሲመጣ ምን ትይዋለሽ ብዬ ጠየቅኋት፤ «አንቺ» ማለቴን ያወቅሁት ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው።

«ሶኬቱን ከጨረሰ በኋላ ምን እንደሚሠራ አንተው ትነግረዋለህ» አለችኝ። «ሳታበዛ።»

አንተ አለችኝ። ሳላበዛ ልናገረው እንግዲህ፤ ደስ አለኝ።

ጣቷ ቀለበቱ ላይ አንድ ጣት ያህል ወደ እኔ ተንፏቀቀ፤ በዚህ ጊዜ አልቆመም። ደረሰ። የማስቲሽ ሽታ፣ የከሰዓት ፀሐይ፣ የተጣበቁ ሁለት ጣቶች። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው አባጆራውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አምፖሉን በጣታቸው እያሻሹ ይጠብቃሉ። እኔ የግድግዳውን ሰዓት ሰረቅ አድርጌ አየሁ፤ አርባ ደቂቃ አልፏል። ካርታው ድንጋይ ሆኗል። እሷም ሰዓቱን ስታየው አይቻታለሁ።

ጋሼ፣ ደረቀ ወይ አሉ።

«ገና ነው አባዬ» አለች። «ሁለት ሰዓት ሳይፈልግ አይቀርም።»

እኔም አላረምኳት።